ጀበናው የወደቀ ዕለት

«ኮሚውኒቲ ግን በሕይወቴ አልሠራም። አይቀየሙኝ።»

ይህን ያለችኝ ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ እኔ ጋ የተመደበች የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዬ ናት። «ኮሚውኒቲ» የምትለው በየሰፈሩ ቤት ለቤት እየዞርን የምንሠራውን ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች አንዲት የላስቲክ ቤት ገብተን ሻይ እየጠጣን ነበር። ነሐሴ ነው፤ የዚያ ሰፈር ጭቃ ደግሞ ጫማ ይዞ የማይለቅ ጥቁር መረሬ ነው። አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ በስንጥር እየፋቀች ነው የምታወራኝ። ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ የከነከነኝ «አይቀየሙኝ» ማለቷ ነው። ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ መቼ ነው አንቱ የሆንኩት?

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ምክንያቱን አዘጋጅታ ኖሯል የምትጠብቀኝ። ባለፉት አራት ሳምንታት ከሄድንባቸው ቤቶች ግማሹ በራቸው ዝግ ነበር። ደረጃው አያልቅም፣ ሊፍት የለም። ቤተሰቡ «መድኃኒት አልያዛችሁም?» ይላል፤ አልያዝንም ሲባል ፊቱ ይለወጣል። እሷ ደግሞ የሠራችው ነገር ቢኖር ፎርም መሙላት ነው። «ፎርም ለመሙላት ይህን ያህል ዓመት መማር ነበረብኝ?» አለች፤ እውነቷን ነው።

«እና ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

«ሆስፒታል። እጅ ላይ። ስፕሊንት መሥራት።»

ስፕሊንት የተጎዳ እጅን በቦታው ደግፎ የሚይዝ ነገር ነው። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ቃል በቃል ይህንኑ ብያለሁ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ልዩነቱ፣ እኔ «በሕይወቴ አልሠራም» ያልኩት ሌላ ቦታ ነበር።

ሙያውን ለማታውቁ ትንሽ ልበል፤ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ አይፈረድባችሁም። እናቴ እንኳ ለጎረቤት «ልጄ ፊዚዮ ናት» ነው የምትለው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል። «ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ» የሚለውን ስም የሰማ ሰው ደግሞ ሥራ የምናስቀጥር ይመስለዋል፤ ሲቪውን አምጥቶ የሰጠኝ ጎረምሳ አለ። እኛ የምንሠራው በበሽታ፣ በአደጋ ወይም አብሮት በተወለደ ጉዳት ምክንያት የዕለት ኑሮው ከተሰናከለበት ሰው ጋር ነው። መልበስ፣ መታጠብ፣ መጸዳዳት፣ መብላት፣ ትምህርት ቤት መሄድ፣ መስገድ፣ እንጀራ መጋገር። አንዳንዴ ሰውየውን እናለማምዳለን፤ አንዳንዴ አሠራሩን እንለውጣለን፤ ሌላ ጊዜ ሰውየው እንዳለ ሆኖ ዕቃውን ወይም ቤቱን እናስተካክላለን። በአገራችን ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ መጀመሪያ የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። ቁጥራችን ገና ትንሽ ነው። ብዙ ቦታ ስንሄድ ከእኛ በፊት የሄደ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የዓለም የኦኪዩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1000 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ካልን 25 ሳምንት ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሲከፋፈል ግን ጥቂት ቦታ ላይ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ሙያው ደግሞ ከጨቅላ እስከ አረጋዊ፣ ከእሳት ቃጠሎ እስከ ድባቴ ይዘረጋል። ከዚህ ሁሉ ተማሪው የሚያየው የደረሰውን ነው። ያላየውን አይመርጥም። ያየውንም ቢሆን የሚወደው ወይም የሚጠላው ከነአሠሪው፣ ከነጭቃው፣ ከነዚያ ሳምንት ዝናብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ፣ በ2002 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ይህንኑ ያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ተማሪዎች ወደፊት ሊሠሩበት የሚፈልጉትን ዘርፍ ሲመርጡ የተግባር ልምምዱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው የጻፉት። እኛ ጋ ግን ነገሩ ከዚያም ይብሳል ባይ ነኝ። አብዛኞቻችን ትምህርቱን ራሱ መርጠን አልገባንም። እኔ የሞላሁት ሕክምና ነበር፤ ውጤቴ አልደረሰም፣ ምደባ ሲለጠፍ ስሜ ከዚህ ዲፓርትመንት ሥር ተገኘ። የዚያን ዕለት ማታ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አልቅሻለሁ። እንዲህ ለገባ ሰው «እኔ ይህን እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ከአፉ የሚወጣው መጀመሪያ አታችመንት ላይ ነው። እስከዚያ የመረጠለት ኮምፒውተር ነው።

የእኔ የመጀመሪያ አታችመንት መሐል ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ለስፕሊንት የሚሆን ፕላስቲክ አለ፤ ሲገዛ እንደ ጣውላ የደረቀ ነው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደ ሊጥ ይለዝባል። አውጥተን፣ በፎጣ ጠረግ አድርገን፣ በታማሚው ክንድ ላይ እናለብሰዋለን። እንደገና እስኪደርቅ ያለችው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ናት፤ በዚያች ውስጥ የእጅ አንጓው የሚቀመጥበትን ማዕዘን፣ አውራ ጣቱ የሚያርፍበትን ቦታ ማስያዝ አለብን። ሱፐርቫይዘሬ ወሬ አያበዛም ነበር። እጄን በእጁ ይዞ «እዚህ ጋ ጫን አድርጊ፣ እዚህ ጋ ልቀቂ» ይለኛል፤ በቃ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ «ዛሬ ሦስት ሠራሁ» ብዬ መቁጠር እችላለሁ። እጅ ሕክምናን የወደድኩ መሰለኝ። የወደድኩት ያለቀ ነገር በእጄ መያዝን እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ለጉብኝት ዘነበወርቅ፣ አለርት ወስደውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ ነው የተቋቋመው። ደዌው የእጅን ነርቭ ሲጎዳ እጅ መታመሙን ያቆማል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን አለበት ይላል። ቡና የምታፈላ ሴት ግን ጀበናው እያቃጠላት እንደሆነ አታውቅም፤ የምታየው ማታ እጇን ስትታጠብ ውኃ የቋጠረውን ነው። ስለዚህ የጀበናው እጀታ በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላል፤ እጇን በየዕለቱ በዓይኗ መፈተሽ ትማራለች። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጀበና» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። ለምን እንዳሰመርኩ እንጃ፤ የአያቴ ጀበና ትዝ ብሎኝ ይሆናል።

ሁለተኛው ከከተማው ዳር ያለ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የቦታው ብቻ አልነበረም። የተመደበችልኝ ነርስ ደግ ሴት ነች፤ ግን ብቻዋን ናት። መድኃኒት ታድላለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ከጠያቂ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ስልክ ታነሳለች። ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት ምን እንደሚሠራ ነግሯት የሚያውቅ የለም፤ እኔም በሚገባ መንገር አልቻልኩም። አንድ ካርቶን ክሬየንና የተባዛ የአበባ ሥዕል አስታቀፈችኝና «እስቲ አንቺ አጫውቻቸው» አለችኝ። አምስት ሳምንት አጫወትኩ። ዳማ፣ ካርታ፣ ሥዕል መቀባት። ስንት በሬ ጠምደው ያረሱ አባወራዎች ቁጭ ብለው አበባ ሲቀቡ አስቡት። ቀቢዎቹ ያፍራሉ፣ አስቀቢዋም ታፍራለች።

አንድ ሰው ነበር፣ ክሬየኑን ነክቶት የማያውቅ። አልጋው መስኮት ሥር ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት ጫፍ ክር ይመዝዛል፤ አንዱን ክር ከአንዱ ጋር ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ይፈትላል፣ ሲረዝምለት በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል በስምንት ቁጥር ይጠቀልላል። ቀኑን ሙሉ። ክሩን ይወስዱበታል፤ አልጋ ላይ ክር አደገኛ ነው ይባላል፣ ምክንያት አላቸው። እሱ በማግስቱ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ይጀምራል። እኔ ሎግቡኬ፣ የልምምድ መዝገቤ ላይ ምን ጻፍኩ? «ያለ ዓላማ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ያሳያል።» ሱፐርቫይዘሯ ፈረመችበት። ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የኖረ ሰው መሆኑን የነገረኝ የጥበቃ ሠራተኛው ነው፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ ስንወጣ። «አይ ሥራ፤ እጁ እኮ አይረሳም» አለኝ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ታክሲ ስለማግኘት ነበር።

የሚገርመው ይህ ሙያ ከነስሙ ያደገው እንዲህ ካለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ የተባለች ከተማ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን የሙያ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከኋላቸው የነበረው የአእምሮ ሆስፒታሎች ልምድ ነው፤ ሕሙማን በሰንሰለት ከመታሰር ይልቅ ሽመና ሲሸምኑ፣ ቅርጫት ሲሠሩ፣ አትክልት ሲኮተኩቱ የሚሻላቸው መሆኑ። ሽመና! ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ዓመተ ምህረቱንም ከተማውንም ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሸማኔው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲፈትል ግን አላየሁትም። ከዚያ ወጥቼ ለጓደኞቼ ያልኩት «ሳይካትሪ በሕይወቴ አልሠራም» ነው። አንድም ቀን ሳይካትሪ ሠርቼ አላውቅም እኮ። የጠላሁት የራሴን ባዶ እጅ ነበር።

ሦስተኛው ኮዬ ፈጬ ነው። ከቃሊቲ አልፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮንዶሚኒየም እንደ ማሽላ ተዘርቶ የበቀለበት ሜዳ። የዩኒቨርሲቲ መምህራችን በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ትከታተለኛለች፤ ዕለት ዕለት የሚያዞረኝ ግን ጋሼ ነው። ጋሼ ዲግሪ የለውም። ዕድሜውን በማኅበረሰብ ተሃድሶ ሥራ ያሳለፈ፣ በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ በብረት ድጋፍና በክራንች የሚሄድ ሰው ነው። ደረጃ ላይ ይቀድመኛል። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሜ ፎርሜን ሳወጣ «ክተቺው» አለኝ። «መጀመሪያ ቁጭ በይ። የሰው ቤት ነው።»

እማማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የድሮ የቂርቆስ ልጅ፤ ቤታቸው ሲፈርስ ልጃቸው ዕጣ ደርሷት እዚህ መጡ። ስትሮክ ከያዛቸው ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ጭንቅላታቸውን በግራ በኩል መቶ ቀኝ እጅና እግራቸውን ያሰነፈ ዓይነት ነው። ፊዚዮቴራፒ ተከታትለዋል፤ በከዘራ ይሄዳሉ። ንግግራቸው ዘገም ይላል እንጂ ይሰማል። የልጃቸው አቤቱታ ሌላ ነው፦ «አትበላም። ሁሉ ነገር ተሻላት፣ ምግብ ግን እምቢ አለች። ደም አስመርምረናል፣ ጨጓራ አስመርምረናል።»

ሁለት ጊዜ ሄድን፤ ጋሼ ስለ ድሮ ቂርቆስ እያወራ፣ እኔ ፎርሜን ቦርሳ ውስጥ እየዳሰስኩ። በሦስተኛው ምሳ ሰዓት ደረሰብን። ትሪ ቀረበ፣ እጅ መታጠቢያ መጣ፣ ሁላችንም ከበብን። እማማ «አልራበኝም» ብለው ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይታ የልጅ ልጃቸው በትንሽ ሳህን ሽሮ ይዛ ተከተለቻቸው። ባዶ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደጠየቅኩ አላስታውስም፤ የመለሱልኝን ግን አልረሳውም፦ «አንቺ ልጅ፣ በግራ እጄ ከሰው ትሪ ልቅረብ?»

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። መጽሐፎቻችን ውስጥ ግን የለም፤ የተጻፉት ሁሉም በየሳህኑ በሹካ ከሚበላበት አገር ነው። እኔም በተማርኩት መሠረት እጀታው በስፖንጅ የወፈረ ማንኪያ አቀረብኩ። እማማ ማንኪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ለሽሮ?» አሉ። ጋሼ በር ላይ ቆሞ ሲስቅ ክራንቹ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

የሚፈልጉትን ስንጠይቃቸው ግን አላቅማሙም። የማርያም ማኅበር አላቸው፣ የድሮ ሰፈር። ሰፈሩ ፈርሶ አባላቱ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ገላን ተበታትነዋል፤ ማኅበሩ ግን በወር በወሩ በ21 አንዱ ቤት ይሰበሰባል። የእማማ ተራ ግንቦት 21 ነው። «ዝለሉኝ» ብለው ልከዋል። ጠላውንና ዳቦውን ልጃቸው ትችለዋለች፤ እንግዳ ፊት ተቀምጦ ቡና ማፍላቱ ግን የቤቱ እመቤት ነው። «ተቀምጬ ሳያዩኝ ከሚሄዱ አለመምጣታቸው ይሻላል» አሉ። ሰባት ሳምንት ነበረን።

ሥራው እንዲህ ነው የሚታሰበው። ቡና ማፍላት አንድ ነገር አይደለም፤ ብትበታትኑት ሠላሳ አርባ ቁራጭ ይወጣዋል። ከእነዚያ ውስጥ እማማን የሚያቅታቸው የትኛው ነው? በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፤ ከእሱ መነሣት አይችሉም፤ ከፍ ያለ ተካ። ሙቀጫው ይንሸራተታል፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ። ረከቦቱ ይሸሻል፤ ሰነፉ ቀኝ እጅ ጠርዙ ላይ ይረፍ፣ ክብደቱ ይይዘዋል። ያ እጅ ትኩሱን በደንብ ስለማይለይ ከከሰሉ በኩል አይቀመጥም። ቤተሰቡም ሲያነሣቸው ያንን እጅ መጎተት ያቁም፤ የላላ ትከሻ ከቦታው ይወጣል። ጀበናው ከባድ ነው፤ ስለዚህ በግማሽ ይሞላ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የእኔ ነበር፤ ኮርቼበታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት በግራ እጃቸው ጀበናውን አነሡ፣ ወደ ሲኒው አዘነበሉ፣ አንጓቸው ተንቀጠቀጠ። እጄ ሊዘረጋ ሲል ጋሼ ክራንቹን ፊቴ ጋረደው። ጀበናው ወደቀ። የሸክላ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ቡናው በሲሚንቶው ላይ ወደ ሶፋው እየሮጠ። የልጅ ልጅየዋ አፏን ይዛለች። እኔ የምጽፈውን የአደጋ ሪፖርት አስባለሁ። እማማ ስብርባሪውን አይተው አይተው፣ «እሰይ» አሉ። «ጀበናው ነው የወደቀው። እኔ አልወደቅኩም።» ከዚያ «ነገ ሌላ ግዙልኝ» አሉ። ስምንት ወር ሙሉ «ግዙልኝ» ያሉት ነገር አልነበረም አለች ልጃቸው ደረጃ ላይ ስትሸኘን፤ እያለቀሰች ነው፣ ደግሞም ስለ ሶፋው ትጨነቃለች።

የግራ እጁን ነገር የፈቱት ራሳቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው መጨበጥ ጀምሯል፤ መዘርጋት ነው የሚያቅተው። አንድ ቀን ለልጅ ልጃቸው ጉርሻ ሊያጎርሱ ፈለጉ። በግራቸው ቀኝ ክንዳቸውን ከአንጓው ላይ ደግፈው ወደ አፏ አነሡት። ልብ በሉ፤ ለታላቅ ነገር ስንሰጥ ቀኛችንን በግራ ደግፈን አይደል? ሰነፍ እጅን በደህናው ደግፎ ማንሣት ለእኔ ቴራፒ ነው፤ በትሪው ዙሪያ ላለ ሰው ግን ጨዋነት። ከሩቅ ያየ በሽታ አያይም። አንድ ችግር ብቻ፣ ጣታቸው ጉርሻውን አይለቅም፤ ልጅቷ በከንፈሯ እየጎተተች መንጠቅ ነበረባት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሪ ላይ ቀረቡ።

አታችመንቴ ግንቦት 21 ሳይደርስ አለቀ። ጋሼ ደወለልኝ፦ «ሁሉም መጥተዋል። ቁጭ ብላ አፈላች። ግን በግማሽ ጀበና ለዚያ ሁሉ ሰው አቦሉ አልደረሰም፤ ቡና አነሰ ብለው አምተውናል።»

እና ኮሚውኒቲ መረጥኩ። ስጠየቅ «ሰው በቤቱ ሲታይ ነው ሙሉ የሚሆነው» ምናምን እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን የክፍል ጓደኛዬ በዚያው ሰሞን ሌላ ዳርቻ ላይ ኮሚውኒቲ ወጥታ ነበር። አምስት ሳምንት ቤት ለቤት እየዞረች የአካል ጉዳተኛ ቁጥር ሰበሰበች፤ ለአንድ ቢሮ ሪፖርት። አንድም ሰው ሁለት ጊዜ አላየችም። ዛሬ የመድኃኒት ሽያጭ ላይ ናት። ያው ጭቃ፣ ያው ደረጃ ነው። ጋሼ ለእሷ ደርሶ ቢሆን እኔ መድኃኒት እየሸጥኩ ይህን ጽሑፍ እሷ ትጽፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በእርግጥ ምርጫ ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም። ስመረቅ ያመለከትኩበት አንድ መሥሪያ ቤት የሙያ ዝርዝሩ ላይ ስማችን የለም፤ መዝጋቢው በቅንነት «ሌሎች» የሚለው ላይ ምልክት አደረገልኝ። አንዳንዱ ጓደኛችን የሚወደው ዘርፍ መደብ ስለሌለው ትቶታል። ስለዚህ ሌላ ቀን።

አሁን ወደ ሻይ ቤቷ ልመለስ። ተማሪዬ ጫማዋን አጥልቃለች። እኔ በሐሳቤ የእሷን አራት ሳምንት እቆጥራለሁ። በእጄ አርባ ቤት ገደማ አለ፤ ረዳት የለኝም፤ ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት በወር መጨረሻ ፎርም ይፈልጋል፤ የእሷ ጽሕፈት ደግሞ እንደ ማተሚያ ነው። ክምሩን አስታቅፌያት «እስቲ አንቺ ሙዪልኝ» ያልኳት በሁለተኛው ቀን ነበር። በዚያችው ነርስ ድምፅ። ያች ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ብቻዋን ነበረች። ይህ እኔንም እሷንም ነጻ አያወጣን ይሆናል።

ለቀሩት ሦስት ሳምንታት ፎርሙን ተቀበልኳትና አንድ ቤት ሰጠኋት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት፤ እናቱ ቀኑን ሙሉ አቅፋው ስለምትውል እጇ ለሌላ ነገር አይፈታም። ተማሪዬ ካንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅና ከመቀነት መቀመጫ ሠራችለት። የመጀመሪያው ወደ ጎን ጣለው። ሁለተኛው ጭኑን ቆረጠው። ሦስተኛው ላይ ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መስኮቱን አየ፣ እናቱ ሽንኩርት ከተፈች። እኔ በር ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር። እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት እንዴት ከባድ እንደሆነ ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት፤ «እኔ ሁለቱም እጄ ክራንች ላይ ስለሆነ አይቸግረኝም» አለ።

የመጨረሻው ቀን ታክሲ ስንጠብቅ ጠየቅኳት።

«አሁንም ሆስፒታል ነው የምፈልገው» አለች፣ ሳታፍር። «እጅ። ግን የልጁን ወንበር ሲያድግ ማን ያሰፋለታል?» እኔ እንደማሰፋው ነገርኳት። ከዚያ፣ «ቀጣዩ የእኔ ሳይካትሪ ነው። ዳማ ነው የሚያጫውቱት ይባላል፤ እውነት ነው?»

ስለ ሸማኔው ነገርኳት። ከረጢቱን፣ ጭኑ ላይ መፍተሉን፣ በስምንት ቁጥር መጠቅለሉን፣ ሎግቡኬ ላይ የጻፍኩትን ሳላስቀር። ታክሲው መጥቶ ሲሞላ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«እና ሰውየው ምን ሆነ?»

«አላውቅም።»

«ስሙስ?»

ሎግቡኩ አሁንም አለኝ፤ ቤት ገብቼ አየሁት። ስም የለውም። «አልጋ 14» ነው የሚለው።